ኪው ጋርደን ዋልኩ
ዛሬ ለንደን ኪው ጋርደን የሚባለው የዕፅዋት መናፈሻ ውዬ አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው፣ ልቤ ግን እዛው ነው ያለው። በፈረንጆቹ 1759 የተጀመረ ቦታ ነው፣ ፓልም ሀውስ የሚሉት የመስታወት ቤት ስትገቡ ሙቀቱ ፊታችሁ ላይ ይመጣል፣ እዛ ውስጥ በ1775 ከደቡብ አፍሪካ በመርከብ የመጣ ሳይካድ የሚባል ዘንባባ የሚመስል ተክል አለ፣ አስቡት ይሄን ሁሉ ዘመን በገንዳ ውስጥ ኖሮ ዛሬም አረንጓዴ ነው!

እኔን በጣም የነካኝ ግን ቴምፐሬት ሀውስ በሚሉት ሌላው የመስታወት ቤት ያለው ኢንሴፋላርቶስ ዉዲ የሚባል የሳይካድ ዓይነት ነው፣ ሳይካድ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ነው የሚበቅለው። በ1895 ደቡብ አፍሪካ ንጎዬ ጫካ ውስጥ አንድ ብቻ ተገኘ፣ እሱም ወንዴ፣ ከዛ ወዲህ ስንት ሰው ቢፈልግ ሴቴዋ የለችም፣ አሁን በየአገሩ ያሉት ሁሉ ከዛው ከአንዱ እየተነጠሉ የተተከሉ ስለሆኑ ሁሉም ወንዴ ናቸው፣ ዘር መስጠት አይችሉም። ፊቱ ቆሜ በጣም አዘንኩ የምር። ጎንደርና ጎጃም በየቤተክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ብቻ የቀሩት አገር በቀል ዛፎቻችን ትዝ አሉኝ፣ እነሱንም ሳይመሽ ዘራቸውን መሰብሰብ አለብን። ሴቴዋን አሁን ጫካው ላይ በድሮን ሁሉ እየፈለጓት ነው፣ ትገኝ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ለንደን ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ብቻ ጠዋት ግቡ ሰፊ ነው።