በርበሬውን ቀድሞ የቀመሰው ዶሮ

የገና ዛፍን ደጅና ጓዳ በሚገኝ ነገር ማስጌጥ ደስ የሚል ሥራ መሆኑን ዘንድሮ ከነቤተሰቤ አረጋግጫለሁ፤ ዶሮ በሌለበት ቤት ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ደስ ሳይል አይቀርም።

የፕላስቲኩን ዛፍ ከነአብረቅራቂ ኳሶቹ ልንገዛ አስበን ነበር፤ ዋጋውን ስንሰማ ግን የግቢያችንን የፈረንጅ ጥድ አጥር ከረከምንና ቀጥ ያለውን ቅርንጫፍ መርጠን አሸዋ በሞላ ባልዲ ውስጥ አቆምነው። ልጄ እኛ በልጅነታችን እያሾርን የተጫወትንበትን አመድማ የባሕር ዛፍ ፍሬ ለቅማ በክር ሰካችው። ባለቤቴ ፈንድሻ አፈነዳችና በመርፌ እየወጋች ረጅም ነጭ ሐብል ሠራች፤ እኔም እናቴ ካሰጣችው በርበሬ ላይ ቀያይ ዛላዎችን መርጬ በየቅርንጫፉ ጫፍ አንጠለጠልሁ። በረዶ እንዲመስል ጥጥ እንበትንበት የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ እኔ ግን በታኅሣሥ ፀሐይ በረዶ የማስመሰሉ ነገር ፈጽሞ አይዋጥልኝም። ጀርመኖች እንኳ ጥንት ዛፋቸውን የሚያስጌጡት በፖምና በለውዝ እንደነበረ፣ የመስታወት ኳስ የተለመደው ኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ እያስረዳሁ ሳለ እናቴ አቋረጠችኝ።

«በርበሬውን ዛፍ ላይ ሰቅለህ፣ ወጡን በምን ልሠራው ነው?»

ለወጡ የተገዛው ቀይ አውራ ዶሮ እግሩን በሲባጎ ታስሮ ማድ ቤት ነበር። ሲመሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መስፈር የዶሮ ልማድ በመሆኑ፣ ሲባጎውን አላልቶ ሳሎን ገባና ያን ሁሉ የተለፋበትን ዛፍ ቆጡ አደረገው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ከዛፉ አናት፣ ኮከብ ሊሰቀልበት ከታሰበው ቦታ፣ ቤቱን የሚያናውጥ ጩኸት ለቀቀ። መብራት ስናበራ የፈንድሻው ሐብል ባዶ ክር ሆኗል፤ እርሱም ወደ በርበሬው ዞሮ ዛላውን በምንቃሩ እየፈለቀቀ ፍሬውን በእርጋታ ይለቅማል። ወፎች የበርበሬ ማቃጠል አይሰማቸውም፤ እኛ ግን የዛላው ብናኝ አፍንጫችን ውስጥ ገብቶ ተራ በተራ እያስነጠስን ነበር። እጄን ስሰድድ ክንፉን አራግፎ ዘለለ፤ ባልዲው ተገለበጠ፤ አሸዋው ለበዓሉ በተጎዘጎዘው ቄጤማ ላይ ፈሰሰ።

እናቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ «የቆጡን አወርድ ብላ…» ብላ ጀመረችና ሳቋ አላስጨረሳትም። ቀጥላም «ተዉት፤ ይኸ እንኳ ድስት ሳይገባ ራሱን እየቀመመ ነው» አለች።

ሲነጋ ዛፉን መልሰን አቆምነው። የቀረለት የባሕር ዛፉ ፍሬ ብቻ ነበር፤ ልጄ ግን ዶሮው ከታረደ በኋላ ረጃጅሞቹን የጅራት ላባዎች ሰብስባ፣ አረንጓዴና ጥቁር እያንጸባረቁ በየቅርንጫፉ መካከል ሰካቻቸው። እውነቱን ለመናገር ከፊተኛው ጌጥ ይልቅ ይኸኛው አምሮበታል። በበዓሉ ዕለት እንኳን አደረሳችሁ ለማለት የመጣችው ጎረቤታችንም ወጡን ቀምሳ ካመሰገነች በኋላ ዓይኗን ከዛፉ ላይ መንቀል አቅቷት ላባዎቹን ከየት እንደገዛናቸው ጠየቀች።

ባለቤቴ እንጀራ እየጨመረችላት «ከወጡ ጋር የመጡ ናቸው» ብላ መለሰች።