ደሴን በእግር

ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጆሮዬ ድፍን አለ። ታች አውልቄው የነበረውን ጃኬት 25 ኪሎ ሜትር ሳንሄድ መልሼ ለበስኩት። ከባሕር ዳር እስከዚያ ያለውን መንገድ አላወራም፤ አብዛኛውን ተኝቼ ነው ያለፍኩት።

ደሴ ላይ ግን እንቅልፍ የለም። አልጋ የያዝኩት ዋናው መንገድ ዳር ነበር፣ በ500 ብር። ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ የሚሄደው አውራ ጎዳና ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ከጎኔ ያለው ክፍል ውስጥ ሕፃን ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር ብንን ብሎ ያለቅሳል፣ እናቱ እሹሩሩ ትለዋለች፣ እንደገና ሌላ መኪና። እኔ ለአንድ ሌሊት ነው የመጣሁት። ዕድሜ ልኩን እዚህ መንገድ ዳር የሚያድረውን ሰው ሳስብ አንጀቴን በላኝ።

ጠዋት ነገሩ ገባኝ። በአንድ በኩል የጦሳ ተራራ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል። በመካከል የቦርከና ወንዝ ይወርዳል። ከተማዋ ርዝመት እንጂ ወርድ የላትም። መንገዱም፣ ገበያውም፣ መናኸሪያውም በዚያችው ጠባብ ቦታ ይጋፋሉ። ቦታ ያጣ ሰው ወደ ዳገቱ ይወጣል። የኔ ባሕር ዳር በ1950ዎቹ የጀርመን ባለሙያ ማስተር ፕላን ሲሠራላት ሜዳ ላይ ነበር። ሰፊ ጎዳና፣ ዘንባባ፣ ብስክሌት። እዚያ ያደገ ሰው እግረኛ መንገድን እንደ መብቱ ነው የሚያየው።

ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ አይቼ፣ ለአጭር መንገድ 150 ብር ከጠየቀኝ ባጃጅ ጋር ተጨቃጭቄ፣ በእግሬ አንዱን ሰፈር ወደ ላይ ተያያዝኩት።

የድንጋይ ደረጃ ነው። ግማሹ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። አንዲት እናት ምርኩዛቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል።

«አብሽር ልጄ፣ አረፍ በል» አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ድሮ በክረምት ጫማችንን አውልቀን ነበር የምንወርደው፤ ጭቃው አይጣል ነው። አሁን ድንጋይ ተነጠፈልን፣ ተመስገን። የሚይዙት ነገር ግን የለውም። ሲዘንብ ያንሸራትታል።»

ቀና ብዬ አየሁ። እውነትም መደገፊያ ብረት የለም። ጎርፉ የሚሄድበት ቦይም ስለሌለ ውሃው ደረጃውን ራሱን ነው መንገድ የሚያደርገው። ጠርዙ ተሸርሽሯል። ደረጃውን የነደፈው ሰው አንድ ቀን፣ አንዲት ክረምት፣ ከእኚህ እናት ጋር ቢወጣው ኖሮ ብረቱን አይረሳውም ነበር። ፕላን ሲወጣ ነዋሪ ይጠየቅ የምንለው ለወግ አይደለም። የሚያዳልጠውን ድንጋይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ስነሣ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ምርኩዛቸውን ዘረጉልኝ።

«ኧረ እርስዎስ እማማ?»

«ቤቴ ይኸውና። ታች ሱቁ ጋ ተውልኝ።»

በምርኩዙ እየተደገፍኩ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ሱቁ ደጃፍ ስደርስ ግድግዳው ላይ ሌሎች አምስት ምርኩዞች ተደግፈዋል። ባለሱቁ ምንም ሳይጠይቀኝ ተቀብሎኝ ከእነሱ ጎን አቆመው።