የደጋ እስስት ማዕድ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

በደብረ ብርሃን እስስት ለሚያሳድግ ሰው ከባዱ ወር ታኅሣሥ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከኅዳር ጀምሮ ሌሊት ሌሊት የሚጥለው ውርጭ በመስከረምና በጥቅምት በየሣሩ ይዘል የነበረውን ፌንጣ፣ በየአደይ አበባው ላይ ያንዣብብ የነበረውንም ዝንብና ቢራቢሮ ከዓይን ያጠፋዋል፤ እስስቷ ግን ቀን ቀን ፀሐይ እስከሞቀች ድረስ መብላት ትፈልጋለች። በዚህ ጊዜ አሳዳጊው በእጁ የቀረውን አንድ ዓይነት ነፍሳት ብቻ እየሰጠ ሳምንታትን ያሳልፋል። ስለ ምግብ ዓይነት ማብዛት እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው የበጋ ችግር ነው፤ እኔ እንደማምነው ግን የነፍሳቱን ዓይነት ከመቁጠር በፊት፣ ነፍሳቱ ራሳቸው ምን በልተው እንደመጡ መጠየቅ ይቀድማል።

የእኔዋ እስስት በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የምትገኘው፣ በሳይንስ ስሟ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ የምትባለው ትንሿ ዝርያ ናት። አጥር ሲመነጠር እግሯ ተጎድቶ ነው ወደ እኔ የመጣችው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ይዞ ለማቆየት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ጤነኛዋን እስስት ከቁጥቋጦ ላይ አንሥቶ ወደ ቤት ማምጣት የምመክረው ነገር አይደለም። «መምህር፣ ይህች ነገር መርዝ አትተፋብዎትም?» እያሉ ከአጥር ማዶ ለሚጠይቁኝ ጎረቤቴም የምመልሰው፣ እስስት የሚተፋ መርዝም ሆነ መርዛማ ንክሻ የሌላት መሆኗን ነው፤ እርሳቸው ግን እስካሁን ከአጥሩ ማዶ ሆነው መጠየቁን መርጠዋል።

ስለ እስስት አመጋገብ የሚጻፈው ምክር አብዛኛው የተዘጋጀው በዓለም ላይ በብዛት ለሚረቡት ለየመንና ለማዳጋስካር እስስቶች ነው። እነዚህ ከእኛዋ በአካል እጅግ የሚገዝፉ፣ እንቁላል የሚጥሉ ዝርያዎች ናቸው፤ የእኛዋ የደጋ እስስት ግን ትንሽ ናት፣ እንቁላል ሳትጥል ግልገሎቿን ትወልዳለች፣ ቀዝቃዛ ሌሊትንም ለምዳ የኖረች ናት። ስለዚህ መጠንና ጊዜን የሚመለከተውን ምክር እንዳለ መቅዳት አይገባም። ለሁሉም ዝርያዎች የሚሠራ አንድ መሠረታዊ ጉዳይ ግን አለ፤ እርሱም የካልሲየምና የፎስፈረስ ሚዛን ነው።

ነፍሳት እንደ ዓሣና እንደ ወፍ የአጥንት አፅም የላቸውም፤ የላይ ቅርፊታቸው በአብዛኛው ካይቲን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠራ ነው። በዚህ ምክንያት ፌንጣም ሆነ የዱቄት ትል በሰውነቱ የሚይዘው ካልሲየም በጣም ጥቂት ሲሆን፣ ፎስፈረሱ ግን ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለእስስት የሚመከረው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ፣ ማለትም ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ የሆነበት ምግብ ነው። ሚዛኑ ለረጅም ጊዜ ሲዛባ ሰውነቷ የጎደለውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቷ እየቀዳ ደሟን ይመግባል፤ እግሮቿ ይጎብጣሉ፣ መንጋጋዋ ይለሰልሳል፣ ቅርንጫፍ መጨበጥም ያቅታታል። እንግዲህ አንድ ሰው አምስት ዓይነት ነፍሳት እያቀያየረ ቢመግብ፣ አምስቱም በካልሲየም የደኸዩ ከሆኑ፣ ዓይነት ያበዛ ይመስለዋል እንጂ ያው አንድ ጉድለት በአምስት መልክ እየቀረበ ነው።

መፍትሔው ነፍሳቱን ለእስስቷ ከመስጠት በፊት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያህል በደንብ መመገብ ነው፤ የነፍሳቱ ሆድ በያዘው ነገር እስስቷም ትመገባለችና። በዚህ ረገድ ከጓሯችን የሚገኘው የሐበሻ ጎመን ከብዙ ውድ ዱቄት የሚሻል ነው፤ ካልሲየሙ ብዙ ነው፣ ያንን ካልሲየም የሚያስር ኦክሳሌት የተባለው ንጥረ ነገር ግን በውስጡ ጥቂት ነው። ቆስጣ በመልኩ ከጎመን ጋር ቢቀራረብም ኦክሳሌት ስለሚበዛበት ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ካሮትና ዱባ በጥቂቱ ይጨመራሉ፤ ለነፍሳቱ ውኃም ቀለምም ይሰጣሉ። በአካባቢያችን ከብት አርቢው ሁሉ የሚያውቀው ፉርሽካ ግን ለየት ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። የዱቄት ትል በፉርሽካ ውስጥ በደንብ ይራባል፣ ፉርሽካው ርካሽ ነው፣ አይሸትም፤ ይሁንና ፉርሽካ፣ ማለትም የስንዴ ቅርፊት፣ በፎስፈረስ የበለጸገ በመሆኑ በፉርሽካ ብቻ ያደገ ትል ቀድሞ የተዛባውን ሚዛን ይበልጥ ያዛባዋል። እኔ ፉርሽካውን ለመኖሪያቸው እተውላቸውና፣ ለእስስቷ የሚቀርቡትን ከዚያ ለይቼ በጎመን ላይ አሳድራቸዋለሁ።

ከዚህ በተጨማሪ ነፍሳቱን ከመስጠቴ በፊት በስሱ የካልሲየም ዱቄት እነሰንስባቸዋለሁ። ለእንስሳት ተብሎ የተዘጋጀው ዱቄት እዚህ እንደ ልብ ስለማይገኝ የእንቁላል ቅርፊት እጠቀማለሁ፤ የእንቁላል ቅርፊት ከሞላ ጎደል ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቅርፊቱ ይቀቀላል፣ በውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ይወጣል፣ በምጣድ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያም በሙቀጫ ተወቅጦ እንደ በርበሬ በደቃቁ ይነፋል፤ ሻካራ ሆኖ ከቀረ ከነፍሳቱ ላይ ይራገፋል። በዐቢይ ጾም 55ቱንም ቀናት ከቤታችን እንቁላል ስለማይገባ ቅርፊቱን ከጾሙ በፊት ማጠራቀም የግድ ነው፤ ስለ እስስት በሚጻፍ በየትኛውም የውጭ ምክር ውስጥ ይህን የሚያነብ ሰው የለም። ካልሲየሙ በሰውነቷ እንዲዋሐድ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፣ እርሱንም ቆዳዋ በፀሐይ ጨረር ኃይል ይሠራዋል። መስኮት ይህን ጨረር ስለሚያስቀር፣ በመስታወት ጀርባ የምትሞቀው ፀሐይ ታሞቃታለች እንጂ ቫይታሚኑን አትሰጣትም። ፀሐይም መጠለያ ጥላም ባለበት ቦታ ከደጅ ማዋል ይሻላል። ለሰው የተዘጋጀ የቫይታሚን ኤ ወይም ዲ ጠብታ በግምት መስጠትን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ሁለቱም በሰውነት ውስጥ የሚከማቹ ናቸው፣ ለእንደዚህች ትንሽ ፍጥረት ጠብታውም ብዙ ነው።

አሁን ወደ ነፍሳቱ ዓይነት እንምጣ። ዋናው ምግቤ ሌሊት ሌሊት የሚጮኸው ጥቁሩና ቡናማው ፌንጣ ነው። በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ፣ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተደርድሮለት፣ እርጥብ አፈር በትንሽ ጣሳ ተሰጥቶት እንቁላሉን ይጥላል፤ የሚራባው ግን 30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሙቀት ሲያገኝ ነው፣ የእኛ ቤት ደግሞ በበጋ ሌሊት ከዚያ በጣም የራቀ ነው። ስለዚህ ባልዲው በጣውላ ሣጥን ውስጥ ከአምፖል ጋር ይቀመጣል፤ መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውኃ የተሞላ ትንሽ ጀሪካን በአምፖሉ ምትክ ይገባል።

ሁለተኛው ዝንብ ነው፤ በእኔ ግምት ለትንሿ የደጋ እስስት ከዝንብ የሚስማማ የለም። ሰው ይጠየፈዋል፣ ጥላቻውም አግባብ አለው፤ ከመጸዳጃ ቤትና ከቆሻሻ ላይ የተያዘ ዝንብ በሽታ ተሸካሚ ስለሆነ በፍጹም አይሰጥም። ይሁን እንጂ በእርጥብ ፉርሽካና በወተት ውስጥ፣ በተከደነ ዕቃ፣ ከእንቁላል ጀምሮ ያደገ ዝንብ ንጹሕ ነው። ወደ ዝንብነት ከመለወጡ በፊት ያለው እንክብል መሰል ጠንካራና ቡናማ ደረጃው ደግሞ በቀዝቃዛ ቦታ ሲቀመጥ ለቀናት መፈልፈሉ ይዘገያል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ለዚህ ማቀዝቀዣ መግዛት አያስፈልግም፣ የመስኮት ደፍ ይበቃል። በራሪ ነፍሳት እስስቷን ያነቃቋታል። በሣህን ላይ ትል ሲቀርብላት ዓይኗን አዙራ የምትተወው፣ ዝንብ በቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ሁለቱንም ዓይኖቿን ወደ አንድ አቅጣጫ አስተካክላ ትጠጋለች።

የዱቄት ትል ስብ ይበዛበታል፣ ቅርፊቱም ጠንካራ ነው፤ እንደ ማጣፈጫ እንጂ እንደ ዋና ምግብ አላየውም። ከጎመን ላይ የሚለቀሙ ፀጉር አልባ አረንጓዴ ትሎች ለስላሳና ውኃ የበዛባቸው በመሆናቸው በደረቁ ወራት ይጠቅማሉ። ብላክ ሶልጀር በሚባለው ዝንብ እጭ ውስጥ ከሌሎቹ በተለየ ካልሲየም በተፈጥሮው በብዛት ይገኛል፤ እርሱም ሙቀት ስለሚወድ እዚህ ደጋ ላይ ያለ ማሞቂያ ማርባቱ አያዋጣም።

የሰሜን ሸዋ ትልቁ በረከት መሬቱ በአጭር ርቀት ውስጥ ደጋም ቆላም መሆኑ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ሰው ከ1,500 ሜትር በላይ ወርዷል፤ ላይ በውርጭ የጠፋው ፌንጣ ታች ገና ይዘላል። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላም አሸን ይፈላል፤ ክንፋሙ ምስጥ ስብ የሞላበት ስለሆነ እስስት ትወደዋለች፣ በዚያው ልክ ደግሞ ካልሲየም የለውም፣ ስለዚህ ጥቂት ብቻ ይበቃታል። ወደዚያ በምወርድበት ጊዜ ሁሉ የጨርቅ ከረጢት ይዤ እሄዳለሁ፤ ከተሳፋሪዎች ጋር የሚደረገውን ማብራሪያ ለሌላ ቀን ልተወው።

ቆላ ላይ ነፍሳት ሲሰበሰብ ግን ቦታው በጥንቃቄ ይመረጣል። የሽንኩርትና የማሾ ማሳዎች የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል የሚረጭባቸው ናቸው፤ ከማሳ ዳር እየተንፏቀቀ የሚገኝ፣ እጅ ላይ ሳይታገል የሚያዝ ፌንጣ ጤነኛ ላይሆን ይችላል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መንጋ ወደ ምሥራቅ አማራ በገባበት ወቅት በየቦታው ኬሚካል ተረጭቶ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ አንበጣው ምንም ያህል ቢበዛና ቢያስጎመጅ ለእስስት መስጠት እርሷን መመረዝ ነው። የቤት ውስጥ በረሮም በተመሳሳይ ምክንያት ከዝርዝሬ ውጭ ነው፤ የትኛው ጎረቤት ምን እንደረጨ አይታወቅም።

በራሳቸው መርዛማ የሆኑም አሉ። በቆላው መንገድ ዳር የሚበቅለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው ጦቢያ የሚባለው ቁጥቋጦ መርዝ አለው፤ በእርሱ ላይ የሚኖሩ ደማቅ ቀለም ያላቸው ፌንጣዎች መርዙን በሰውነታቸው ያከማቹታል። ከዚሁ ወገን በሆኑ ተክሎች የሚያድገው፣ ክንፉ ብርቱካናማ፣ ጫፉ ጥቁርና ነጭ የሆነው ቢራቢሮም እንዲሁ ነው። ፀጉራም አባጨጓሬንም እተዋለሁ። ከሜዳ የመጣው ነፍሳት ሁሉ በጎመን ላይ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያድራል፤ በማግሥቱ ሞቶ የተገኘ ካለ ከዚያ ቦታ የመጣው ሁሉ ይጣላል።

የመመገቢያው ሰዓት በደጋ ላይ ከምግቡ ዓይነት ባልተናነሰ ያስጨንቃል። እስስት የሰውነቷን ሙቀት ከውጭ የምታገኝ በመሆኗ ሳትሞቅ ብትበላ ምግቡ በሆዷ ሳይፈጭ ይቆያል። በ2010 እ.ኤ.አ. በየመን እስስት ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሙቀቱ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ምላሷ የምትወረወርበት ፍጥነት እምብዛም አይቀንስም፣ መወርወሩ እንደ ተሳበ ጅማት በተጠራቀመ ኃይል የሚሠራ ነውና፤ ምላሷን መልሶ የሚሰበስበው ጡንቻ ግን በብርዱ በጣም ይደክማል። በማለዳ ዝንቡን መታ ምላሷን ቀስ ብላ ስትጎትት ማየቴ በዚህ ተብራርቶልኛል። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ምንም አልሰጣትም፤ ፀሐይ ከሞቀች፣ ቅጠሉ ላይ የተረጨላትንም ውኃ ጠብታ በጠብታ ከላሰች በኋላ ማዕዷ ይቀርባል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለአካለ መጠን ለደረሰች እስስት በየሁለት ቀኑ መመገብ ይበቃል፤ ግልገል ግን በየቀኑ ትመገባለች። የነፍሳቱ ርዝመት ከጭንቅላቷ ስፋት እንዳይበልጥ ይደረጋል። ከ10 ሰዓት በኋላ ምግብ አልጨምርም፣ ሳትበላቸው የቀሩትንም ፌንጣዎች ሳይመሽ ከጎጆዋ ለቅሜ አወጣለሁ፤ የተራበ ፌንጣ ሌሊት የተኛችን እስስት ቆዳ ይነክሳልና። አምልጦ በቅጠል መሐል የተደበቀ ቢኖር እንኳ እርሷን ትቶ እንዲበላ፣ ከጎጆው ወለል ላይ አንድ የጎመን ቅጠል ይቀመጥለታል።