አንድ የወይራ ቅርንጫፍ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስነሳ ሞቆኝ ጃኬቴን ጭኔ ላይ አድርጌው ነበር። የሐረጎን ዳገት ስንጨርስ ለብሼዋለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ከ1,850 ሜትር ግድም ተነስቶ ወደ 2,500 ስለሚወጣ ጆሮ ይደፍናል። ከፊቴ አንዲት ልጅ ባልዲ ሙሉ ጽጌረዳ ይዛ ተቀምጣለች። በየኩርባው ውሃው ይፈሳል፣ ረዳቱ ያጉረመርማል፣ እሷ "አብሽር፣ እጠርገዋለሁ" ትለዋለች። ሁለታችንም ወደ አንድ ቦታ እየሄድን እንደሆነ ያወቅኩት ደሴ ፒያሳ ወርደን አንድ በር ላይ ስንገጣጠም ነው።

አናጺ ጓደኛዬ የሠራቸውን የቤት ዕቃዎች፣ እሷ ደግሞ የአበባ ሥራዎቿን ለሦስት ቀን ሊያሳዩ አንድ የጣሊያን ጊዜ ቤት ተፈቅዶላቸዋል። ጣሊያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 1928 ነው፣ ሚያዝያ 1933 ላይ ለቀቀ። በዚያች አምስት ዓመት ያኔ አውሮፓ ውስጥ አዲስ የነበረውን አሠራር ይዞ መጣ፦ ጌጥ የሌለው ግድግዳ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ በአግድም የተዘረጋ መስኮት። አስመራ በ2009 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ የሆነችው በእንዲህ ዓይነት ሕንፃዎቿ ነው። የደሴው ቤት ግን ጠፍጣፋ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ተደርቦበታል። ለምን እንደሆነ የቤቱን ባለቤት ጠየቅኳቸው።

"ጣሊያኑ የክረምታችንን ዝናብ አላወቀውማ ልጄ" አሉኝ።

ሳሎኑን አልወደድኩትም፣ ልዋሽ አልችልም። የሚያምር ሶፋ አለ፣ ጎኑ ላይ ጽጌረዳ ተከምሯል፣ መሀል ላይ ሌላ ጽጌረዳ። የሰርግ አዳራሽ መሰለኝ። ቤቱ ራሱ እኮ ብርሃንና ባዶ ግድግዳ ነው፣ እሱን ከሸፈኑት ምን ቀረ? የጽጌረዳው ግማሹ ደግሞ የኮምቦልቻ ፀሐይ መትቶት አንገቱን ደፍቷል። ልጅቷ አልደነገጠችም። አገዳውን ውሃ ውስጥ ነክራ እዚያው ውሃው ውስጥ አግድም ቆረጠችው፤ ከውጭ ከተቆረጠ አየር ገብቶ የውሃውን መንገድ ይዘጋዋል አለችኝ። ከዚያ ይዤ የመጣሁትን የበሰለ ሙዝ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ወጥ ቤት ወሰደችው። የበሰለ ፍራፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፣ አበባ ቶሎ ያስረጃል። እኔ ስጦታ ያመጣሁ መስሎኝ!

የኋላው ክፍል ስገባ ግን ዝም አልኩ። አንድ የዋንዛ አግዳሚ ብቻ አለ። ያለ ምስማር፣ እንጨት በእንጨት ተሰክቶ የተሠራ፤ ጓደኛዬ መጋጠሚያውን እንድዳስሰው እጄን ጎትቶ ወሰደኝ፣ ጥፍር አያስገባም። ከጎኑ ጥቁር የሸክላ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ አንድ ጎባጣ የወይራ ቅርንጫፍ፣ ከሥሩ ሁለት አደይ አበባ። አለቀ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ቀስ እያለ ሲሄድ የቅርንጫፉ ጥላ ግድግዳው ላይ አብሮ ይሄዳል።

ጃፓኖች የአበባ ጥበባቸውን ኢኬባና ይሉታል፣ ባዶው ቦታም የሥራው አካል ነው። ሶፉ ተሺጋሃራ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1927 ሶጌትሱ የሚባለውን ትምህርት ቤት ሲመሠርት፣ አበባ በማንም ሰው፣ በየትም ቦታ፣ በምንም ዕቃ ይሠራል ብሎ ተነሳ። ልጅቷ ይህን በቃል የያዘች ትመስላለች። ቅርንጫፍ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ባለ መርፌ ከባድ ብረት ገበያ ላይ ስታጣው፣ ጓደኛዬ ጣውላ ቁራጭ ላይ ምስማር ከሥር ወደ ላይ አሳልፎ መታላት። እንዳይንሳፈፍ በጠጠር ተጭኗል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ለአግዳሚው አንድም ምስማር ያልሰጠ ሰው ለአበባዋ ሠላሳ ያህል ሰጥቷል።

አመሻሹ ላይ የቤቱ ባለቤት ጀበናቸውን ይዘው ገቡ። አግዳሚው ላይ "እባክዎ አይቀመጡ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አነበቡት፣ ጓደኛዬን አዩት።

"መቀመጫ ሠርተህ አትቀመጡ ትላለህ እንዴ የኔ ጌታ?"

መልስ ሳይጠብቁ ተቀመጡ። እሱም ወረቀቱን ቀስ ብሎ ላጠው፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ስኒ ሊያቀብላቸው ሄደ።