መብራት ሲሄድ ዳታው የት ይገባል?

ድሬ ላይ ኮድ የሚጽፉ ልጆች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ፍሬምወርክ ነው። የቱን እንማር? የቱ ቶሎ ያስቀጥራል? አቦ፣ ልክ ናቸው፤ እንጀራ ነው ነገሩ። እኔም የጀመርኩት ኤፒአይ እየጻፍኩ ነው። በሙያው ያቆየኝ ግን ከሥር ያለው፣ ሲስተም ፕሮግራሚንግ የሚባለው ነው፤ የሲ ቋንቋ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክ፣ የሊኑክስ ከርነል (ፕሮግራሞችንና ሃርድዌሩን የሚያገናኘው የሲስተሙ እምብርት)። ወደዚያ የገፋኝ ደግሞ የመብራት መጥፋት ነው።

ሳቢያን አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ሌሎች የሠሩትን የሽያጭ ሲስተም እንድንረከብ ጠራን። ሰርቨሩ እዚያው ቢሮ ውስጥ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ካሸሯ «ተመዝግቧል» የሚለውን በዓይኗ ያየችው ሽያጭ ፋይሉ ላይ የለም። ኮዱን አገላብጠን አነበብነው፤ ሎጂኩ ንጹህ ነው። ስትሬስ (strace) በሚባል መከታተያ፣ ፕሮግራሙ ከርነሉን ምን ምን እንደሚጠይቅ ስንከታተል ነገሩ ወለል ብሎ ታየ፤ ይጽፋል፣ ኤፍሲንክን (fsync፣ «ዳታውን አሁኑኑ ዲስክ ላይ አውርድ» የሚለውን ትእዛዝ) ግን አንድም ቦታ አይጠራም።

ፕሮግራማችሁ ፋይል ላይ ሲጽፍ ሊኑክስ ዳታውን ወዲያው ዲስክ ላይ አያወርደውም። መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ሜሞሪ (ራም) ላይ፣ ፔጅ ካሽ በሚባለው ማቆያ ውስጥ ያስቀምጥና «እሺ» ይላችኋል። በተለመደው ሴቲንግ ለ30 ሰከንድ ያህል እዚያው ሊቆይ ይችላል፣ በዚያ መሃል መብራት ከሄደ ዳታውም አብሮ ሄደ። ዲስክ መድረሱን የምታረጋግጡት በኤፍሲንክ ነው። ቀርፋፋ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሸሸዋል። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ግን አይሸሸውም፤ ለውጡን መጀመሪያ ሎግ ላይ ጽፎ፣ ኤፍሲንክ አድርጎ ነው ኮሚት ሆኗል (ጸድቆ ተመዝግቧል) የሚላችሁ። የፖስትግሬስ ሠሪዎችም እንኳ በ2018 (እ.ኤ.አ.) አንድ ጉድ አገኙ። ኤፍሲንክ አንዴ ከሽፎ ሲደገም፣ ዳታው ዲስክ ላይ ሳይወርድ ከርነሉ «ተሳክቷል» ሊል ይችላል። ስለዚህ አሁን ኤፍሲንክ ከከሸፈ ፖስትግሬስ ራሱን ያጠፋና ከሎጉ ተነስቶ ያገግማል። እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ እኔን ልቤን ይሞላዋል፤ የሰው ገንዘብ የሚያድረው እዚህ ላይ ነውና።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ከሲ ጀምሩ። ረስት የሚባለው ቋንቋም ጥሩ ነው፣ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሊኑክስ ከርነል ውስጥም ገብቷል፤ ግን እሱ የሚከለክላችሁን የሜሞሪ ስህተት በሲ አንዴ በእጃችሁ ብታዩት ለምን እንደሚከለክላችሁ ይገባችኋል።

ድሬ ውስጥ «የሲስተም ፕሮግራመር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቁ። ባክኤንድ (የሰርቨር በኩል ኮድ ጸሐፊ) ተብላችሁ ትቀጠራላችሁ፣ ሌላው ሰው ግራ የገባው ቀን ግን የሚደወለው ለእናንተ ነው።

መጀመር የምትፈልጉ፣ ስምና በስሙ የሚፈለገውን ዳታ (key-value) የሚያስቀምጥ ትንሽ ዳታቤዝ በሲ ጻፉ። ከዚያ እየጻፈ እያለ አቋርጡት። ፕሮሰሱን (እየሄደ ያለውን ፕሮግራም) በኪል ትእዛዝ መግደል ግን አይበቃም፤ ፔጅ ካሹ የከርነሉ ስለሆነ ፕሮግራሙ ቢሞትም ዳታው ይተርፋል። ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተራችሁ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ላይ አስኪዱትና ማሽኑን ራሱን በድንገት አጥፉት፤ አንዴ ከኤፍሲንክ ጋር፣ አንዴ ያለሱ።