ጣና መሀል «ወራጅ አለ»

ይህንን ጉድ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው። ባለፈው ቅዳሜ በዜጌዋ የማለዳ ጀልባ የተሳፈራችሁ ሁሉ፣ እኔ እስክጨርስ ድረስ ዝም በሉልኝ።

መኪና የለኝም። ብስክሌት ነበረችኝ፤ የእህቴ ልጅ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ከወሰዳት ሁለት ዓመት አለፋት። ስለዚህ ጧት አንድ፣ ለምሳ ሁለት፣ ማታ አንድ፣ በቀን አራት ጊዜ ባጃጅ እሳፈራለሁ። በቀን አራት ጊዜ «ወራጅ አለ» እላለሁ ማለት ነው። ሥራዬ በሳምንት ስድስት ቀን ነው፤ ብታሰሉት በዓመት ከ1,200 ጊዜ በላይ ይመጣል። «አቡነ ዘበሰማያት»ን እንኳ ይህን ያህል አልደግምም። (የንስሐ አባቴ ይህንን እንዳታሳዩአቸው።)

ቃሉ ብቻውን አይመጣም። ቃሉ ሲወጣ ወገቤ ይታጠፋል፣ አንገቴ ይሰበራል፣ ግራ እጄ ጣሪያውን ይደግፋል፣ ቀኝ እጄ ብር ይዞ ወደ ፊት ይዘረጋል። ይህንን ያስተማረኝ የለም፤ የባጃጅ ጣሪያ ራሱ በግንባሬ ላይ ነው የጻፈልኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርሁ ሆዴ አይሽርም። «ወራጅ አለ» ሲባል የሚቆምበትን ቦታ የሚመርጠው ማን ነው? እኔ የምለው ከበሬ ላይ፣ እሱ የሚቆመው ሃምሳ ሜትር አልፎ፣ ያውም ጭቃው ላይ። ከዚያ የ50 ብር ኖት ስሰጠው ከሞተ ዘመዱ የመጣ ደብዳቤ ይመስል አገላብጦ ያየውና «ዝርዝር የለም?» ይለኛል። ከማለዳ ጀምሮ ሰው ሲያመላልስ የዋለ ሰው ዝርዝሩን የት አድርሶት ነው እኔን የሚጠይቀኝ? ይሁን፣ ወደ ጀልባዋ ልመለስ።

አክስቴ ዜጌ ነው የምትኖረው። ማኅበር ደርሷት «ብትቀር አልለቅህም» ስላለችኝ በጧቱ ወደቡ ላይ ተገኘሁ። ሌሊቱን ትንኝ ሲጫወትብኝ ስላደረ እንቅልፍ አላየሁም። ጀልባዋ ሞልታለች፤ ባዶ ቅርጫት የያዙ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች፣ አንድ የቆርቆሮ ጥቅል፣ ጥግ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጸልዩ አንድ መነኩሴ። ጣሪያ የላትም። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ ጀልባዋ ጣሪያ የላትም።

ሞተሩ እንደ ባጃጅ ያጓራል። ክብራን ገብርኤልን በስተግራ ይሁን በስተቀኝ እንዳለፍን አላውቅም፤ ተኝቻለሁ። በሕልሜ ቢሮ አርፍጃለሁ። ከዚያ ደንገል የጫነ ታንኳ መንገዳችንን ሊያቋርጥ ኖሮ ነጂው ሞተሩን ቀነስ አደረገው። ድምፁ ልክ ባጃጅ ሊቆም ሲል እንደሚያሰማው ሆነ። እኔ አላሰብሁም። ሰውነቴ ነው ያሰበው።

«ወራጅ አለ!»

ጮክ ብዬ፤ ያውም በሥራ ቀን ድምፄ። ዓይኔን ስገልጥ ወገቤ ታጥፏል፣ አንገቴ ተሰብሯል፣ ቀኝ እጄ ብር ይዞ ወደ ነጂው ተዘርግቷል፣ ግራ እጄ ደግሞ የሰማዩን ጣሪያ ደግፏል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሚሰፋ ሐይቅ ላይ፣ በላዬ ከሰማይ በቀር አንዳች ነገር ሳይኖር፣ ራሴን እንዳልመታ ጎንበስ ብያለሁ።

ዝምታ ሆነ። ነጂው ከምሩ ሞተሩን አጠፋው። ረዳቱ፣ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ ብሬን ተቀበለኝና «የቱ ጋ ነው?» አለኝ። አንዲት እናት ነጠላዬን ያዝ አድርገው በጆሮዬ፣ «ልጄ፣ ያስቀየመህ ሰው አለ?» አሉኝ። ከሁሉም የባሰው ይህ ነው፤ ሴትዮዋ አልቀለዱም።

«አይ እናቴ፣ ባጃጅ መስሎኝ ነው» አልሁ።

ያኔ መነኩሴው ዓይናቸውን ገለጡ። ውሃውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ በጣም በእርጋታ፣ «ልጄ፣ ወራጁ ዓባይ ነው። ይህ ጣና ነው» አሉኝ። መልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጀልባዋ በሳቅ ልትገለበጥ ነበር። እኔ ግን ብትገለበጥም ቅር ባላለኝ። ቤቴ ገብቼ የጣናን ጥልቀት ፈልጌ አይቼዋለሁ፤ ቢጠልቅ ቢጠልቅ 15 ሜትር ገደማ ነው አሉ። ለእኔ ዕለቱን ይበቃኝ ነበር።

ዜጌ ስደርስ ወሬው ከእኔ በፊት ወርዷል። አክስቴ ከደጅ ተቀብላ ስማኝ ሳትጨርስ፣ «ባሕር መሀል አውርዱኝ ያለው ያንተ ቢጤ ማነው?» አለችኝ። እኔ ነኝ አላልሁም። ቡና እየተፈላ ሳለ ከቅርጫተኞቹ አንዷ ገብታ አየችኝና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አለቀ።

ለመመለስ ጀልባ አልሳፈርም ብዬ በየብስ መጣሁ። ይህም አላዳነኝም። ሰኞ ማታ ከሥራ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ቤቴ ሲደርስ አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ አልወጣም። የመነኩሴው ፊት ድቅን አለብኝ። ሌላ ሰው ይላታል ብዬ ጠበቅሁ፤ ማንም አላላትም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ እንደ ባለሥልጣን ተሻግሬ ዓባይ ማዶ ደረስሁ።

«መጨረሻ ነው፤ ውረድ» አለኝ ሾፌሩ። የ50 ብሬን አገላብጦ አየው። ዝርዝር የለውም።

በእግሬ ተመለስሁ። ድልድዩ 380 ሜትር ነው፤ ለእግረኛም መንገድ አለው። መሀሉ ላይ ስደርስ ግራና ቀኙን አይቼ፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ፣ ወደ ታች ወደ ውሃው ጎንበስ አልሁና ቀስ ብዬ፣ «ወራጅ አለ» አልሁ።

አለ። ወደ ጢስ ዓባይ እየወረደ ነበር።