እባብ፣ መስታወትና ሚዶ

ባለፈው ኅዳር አበርሌምኖ ድረስ ሄጄ ያየሁት የእንጨት ሳጥን ብቻ ነበር። አበርሌምኖ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ፎርፋርና ብሬኪን መሀል ያለች ትንሽ መንደር ናት። ጥንታዊ ድንጋዮቿን ውርጭ እንዳይጎዳቸው የብርዱን ወራት በሳጥን ይከድኗቸዋል። እኔ አላወቅኩም። ባለታክሲው ግን እያወቀ ዝም ብሎ ወሰደኝ። በ15 ፓውንድ ተስማምተን ሲያበቃ 25 ተቀበለኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ግንቦት ላይ ተመለስኩ። ፎርፋር ያደርኩበት ክፍል ማሞቂያው አይሠራም ነበር፤ ካፖርቴን እንደለበስኩ ነጋ።

ጠዋት እባቡን ሳየው ብርዱም ንዴቱም ጠፋልኝ። ድንጋዩ መንገድ ዳር ነው የቆመው። ከላይ እባብ። ከሥሩ ሁለት ክቦች፣ የተሰባበረ ዘንግ አቋርጧቸው። ከታች መስታወትና ሚዶ። የቀረጹት ፒክቶች ናቸው፤ ሮማውያን «የተቀቡት» ይሏቸው የነበሩ የሰሜን ሰዎች።

ምን ማለት ነው? የጎሳ ምልክት ነው የሚሉ አሉ። የመቃብር ድንጋይ ነው የሚሉም አሉ። መስታወትና ሚዶ ካለበት የሴት ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ የምልክቶቹን አደራደር በስሌት መርምሮ፣ ጽሕፈት ነው ወደሚለው አድልቷል። እኔ ስም ነው ከሚሉት ጋር ነኝ። ምልክቶቹ ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት። እኛ ስማችንን ከነአባታችን እንደምንጠራው መሰለኝ። እባቡ እሷ፣ ክቦቹ አባቷ። አክሱም ያለውን የኢዛናን ድንጋይ ዛሬም የግዕዝ ሰው ያነበዋል። ይህችን ሴት ግን በስሟ የሚጠራት የለም። አንጀቴን በላችው።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለው ድንጋይ በአንድ ጎኑ መስቀል፣ በሌላው ጦርነት አለበት። እ.ኤ.አ. በ685 ፒክቶች የኖርተምብሪያን፣ የደቡብ ጎረቤታቸውን መንግሥት፣ ንጉሥ ኤግፍሪድን የገደሉበት ውጊያ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ሰማዩ ስለዳመነ ቅርጹ ደብዝዞብኝ ነበር። መቃብር ላይ አበባ ሊያኖሩ የመጡ አዛውንት አይተውኝ ከመኪናቸው ባትሪ አመጡና ከጎን አበሩልኝ። ፈረሰኞቹ ብቅ አሉ። ከታች ጥግ ላይ፣ የወደቀውን ሰው ፊት ወፍ ትጠቀጥቃለች።

ፎርፋር ድረስም አደረሱኝ። የነዳጅ ልስጥ ብል እምቢ አሉ። መንገድ ላይ ስሜን ጠየቁኝ። ከነአባቴ ነገርኳቸው።